በቃ ስትል የሚወልቅ ጓንት

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣ ደብረ ሲና።

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትሽን ልጠይቅ። የክረምቱ ጉም እንደ ልማዱ ደጃፍሽ ድረስ እየገባ ነው ወይ? ሳልሽስ ተወሽ? የግራ እጅሽ አንጓ ብርድ ሲሆን አሁንም ይቆረጥምሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በሰባ ስምንት ዓመቴ የፎቁን ደረጃ ሳልደገፍ እወጣለሁ። መነጽሬን ፍለጋ ግን ግማሽ ቀን ይሄድብኛል፤ ብዙ ጊዜም ግንባሬ ላይ ነው የማገኘው።

ምነው፣ ስልክ ተበላሸ ወይ ትይ ይሆናል። ስልኩ ደህና ነው። ስልክ ላይ ግን ልጆችሽ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል፤ አንዱ ሰላም ሲል፣ አንዱ ሲስቅ፣ ሰዓቱ ያልቃል። ይህ ደግሞ ላንቺ ብቻ ነው። ደብዳቤ ትጽፍልሽ የነበረችው ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። እኔ ስነግራት እሷ ታሳምረው ነበር። ልጄን ዕፀገነትን ጻፊልኝ ብላት እንቢ አትልም፤ ግን ልጅ የአባቷን እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ የለባትም። ስለዚህ በገዛ እጄ ነው። ፊደሉ ቢንጋደድ እንደ ድሮው አትሳቂብኝ። አንቺ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በግራ እጅሽ ጽፈሽ ከቀበሌው አንደኛ ወጥተሽ ስትሸለሚ፣ እኔ ኋላ ወንበር ላይ ገና «ሀ»ን እሥል እንደነበር አልረሳሁም። ጳጉሜን በሙሉ ይህን ስጽፍ ነው የዋልኩት። የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ደግፌ ከዕንቁጣጣሽ ማግስት ስለሚበር እሱ ያደርስልኛል።

የምነግርሽ ስለ ልጅ ልጄ ስለ ቢታንያ ነው። ስምንት ዓመት ሞላት። ምላሷ እንደ አንቺ ነው፤ ማንንም አትምርም። ቀኝ እጇ ከተወለደች ጀምሮ የተጨበጠ ነው። አውራ ጣቷ መዳፏ ውስጥ ይቀበራል፣ ክርኗ ታጥፎ ደረቷ ላይ ይለጠፋል። ልክ እንደ አንቺ ቀኝ እጅ። ሐኪሞቹ የሚሉት፣ ችግሩ ከእጇ አይደለም፤ ገና በማሕፀን ሳለች አንጎሏ በአንድ በኩል ተጎድቷል፣ ትእዛዙ ለእጇ በደንብ አይደርሰውም። ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። እኛ ቤት ያኔ አንዱ ቡዳ ነው ሲል፣ አንዱ የአያት ኃጢአት ነው ሲል፣ ስም ያለው ሕመም እንደሆነ የነገረን አልነበረም።

ጥፋቴን ከዚህ ልጀምር። የዛሬ ሁለት ዓመት በገና ቀን፣ እንግዳ ሳሎኑን ሞልቶ፣ ቀይ ሹራብ ገዝቼላት ዘረጋሁላት። በግራ እጇ ልትቀበለኝ ስትል እጄን መለስኩ። «በቀኝሽ፣ ካልሆነም በሁለቱ። ከትልቅ ሰው በግራ አይቀበሉም» አልኳት። ሰው ሁሉ እያየ ቀኝ እጇን በግራዋ ጎትታ ልታመጣው ሞከረች። አልመጣላትም። «እዚያ አስቀምጠው አባባ» አለችኝ፣ ወደ ጠረጴዛው እያሳየችኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከእጄ ምንም ነገር ተቀብላ አታውቅም። ብርቱካን ስሰጣት «እዚያ አስቀምጠው አባባ»። ደብተሯን ሳቀብላት «እዚያ አስቀምጠው አባባ»። እኔ ሞኙ ደግሞ ሥርዓት ተማረች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ግንቦት ዕፀገነት አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። ዓመት ሙሉ አፕላይ አድርጋ የጠበቀችው ነው። አንድ ሆስፒታል እንዲህ ላሉ ልጆች አዲስ ነገር ያጠናል፤ ጭንቅላታቸው ላይ ለሃያ ደቂቃ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይሰጧቸዋል፣ አንጎሉን ለማንቃት ነው። ከዚያ እጃቸውን ያሠለጥኗቸዋል። በትምህርት ቤት ዕረፍት፣ አሥር ቀን በተከታታይ። «እኔ ቆሜ እያለሁ የልጅ ጭንቅላት በኤሌክትሪክ አይነካም» አልኳት። «አባዬ፣ ስልክህን ቻርጅ የሚያደርገው እኮ ከዚህ ይበልጣል» አለችኝ። «ስልኬ ልጅ አይደለም» አልኩ።

ነገሩ በእኔ ላይ ተንጠለጠለ። ዕፀገነት እዚሁ ለንደን፣ ኤድመንተን፣ መጋዘን ውስጥ ሽፍት ትሠራለች፤ ልጅቷን ብቻዋን ነው የምታሳድገው። ሁለት ሳምንት ብትቀር ሥራው ይቀርባታል። የሚያመላልሳት ሰው ከእኔ በቀር የለም። አንድ ቀን ከጎደለ ደግሞ ልጅቷ ከጥናቱ ትወጣለች፤ ሁለተኛ ዕድል የለም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ እንቢ አልኩ።

እውነቱን ላንቺ ልንገር። ኤሌክትሪኩ ሰበብ ነው። ወረቀቱ ላይ ፎቶግራፍ ነበረበት። አንድ ትንሽ ልጅ ደህናው እጁ ጓንት ገብቶበት፣ በሰነፉ እጁ ኳስ ሊይዝ ሲታገል። ደህናው እጅ ሲከለከል ሰነፉ መሥራት ይጀምራል ይላል ጽሑፉ። ያንን ባየሁ ጊዜ ወረቀቱን ገልብጬ አስቀመጥኩት። ለልጄ ግን ኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪክ እያልኩ ሁለት ሳምንት አስለመንኳት። በመጨረሻ «እማዬ ብትኖር አንድ ቃል ሳትናገር ይዛት ትሄድ ነበር» ብላኝ ወደ መኝታ ቤቷ ገባች። ቀኑ ሲደርስ ጠዋት ጫማዬን ወልውዬ በር ላይ ቆምኩ።

ከኤድመንተን በአውቶቡስ ሰቨን ሲስተርስ የሚባል ጣቢያ እንወርዳለን፣ ከዚያ በምድር ውስጡ ባቡር ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለችን ማርሻ ትባላለች፤ ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ፣ ደልደል ያለች ሴት ናት፣ ሙያዋ እጅ ማሠልጠን። ሁለት ስፖንጅ በጨው ውሃ ነክራ ቢታንያ ራስ ላይ በላስቲክ ቀበቶ አሰረችላት። «መጀመሪያ እኔ ላይ ሞክሪው» አልኳት። ዕድሜዬን ጠየቀችኝ። ስነግራት «ለዚህ ጥናት ሰባ ዓመት ያህል ዘግይተዋል» ብላ ሳቀችብኝ። ሽቦውን፣ ሳጥኑን፣ ሁሉን ቼክ አደረግኩ፤ የገባኝ አስመስዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ልጅቷን ምን ይሰማሻል ስላት «ጉንዳን ፀጉሬ ውስጥ የሚሄድ ይመስላል» አለችኝና ጨዋታዋን ቀጠለች።

የባሰው ደግሞ ይኼ ነው፤ ከልጆቹ ግማሾቹ ኤሌክትሪኩ እስከ መጨረሻው ይበራላቸዋል፣ ግማሾቹ ለአፍታ በርቶ ይጠፋባቸዋል። ለማን እንደሆነ ማርሻም አታውቅም፤ ኮምፒዩተር ነው ዕጣ የጣለው። «ይህ ምን ዓይነት ሕክምና ነው፣ በዕጣ የሚታከም አለ?» አልኳት። «መርዳት አለመርዳቱን የምናውቀው እንዲህ ለይተን ስናይ ነው። የእጅ ሥልጠናውን ግን ሁሉም ልጅ ያገኛል» አለችኝ። ሴትዮዋ አለማወቋን አልደበቀችም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የማላውቀውን አውቃለሁ ስል ኖሬ፣ ይህ አስደነገጠኝ።

ከዚያ ጓንቱን አወጣች። ሰማያዊ ነው፣ ለስላሳ፣ ጣት የሌለው። ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ ወጣሁ። ሽንት ቤት ግን አልሄድኩም፤ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። ማርሻ «በቋንቋችሁ መተው ስትፈልጉ ምን ትላላችሁ?» ስትላት ሰማሁ። ቢታንያ «በቃ» አለቻት። «እንግዲያው በቃ ባልሽ ደቂቃ ይወልቃል። ለምን ብዬ አልጠይቅሽም» አለቻት። ልጅቷ መቼም አትምርም፣ ለመፈተን ወዲያው «በቃ» አለች። ወለቀ። እንደገና አጠለቀችላት። «በቃ»። ወለቀ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረጉና ተሳሳቁ። አራተኛው ላይ ቢታንያ ዝም ብላ መሥራት ጀመረች። አንዲት ነርስ ከየት እንደመጣች እንጃ፣ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝ።

ሦስት ቀን ደህና ሄደ። ግትርነቴን ታውቂያለሽ፤ በሦስተኛው ቀን ማታ እኔም አሠልጣኝ ሆንኩ። ማርሻ ቤት ስትገቡ ትጫወት እንጂ ጓንት አያስፈልግም ብላን ነበር። እኔ ግን፣ ብጨምርበት ቶሎ ይፈታል አልኩ። የእናቷን የክረምት ጓንት ግራ እጇ ላይ አጥልቄ፣ እንዳይወልቅ አንጓዋ ላይ በጫማ ክር አሰርኩት። አተር እየለቀመች ከሳህን ወደ ኩባያ ትጨምራለች። እኩሌታው ላይ «በቃ» አለች። «ትንሽ ነው የቀረሽ፤ ጨርሺው» አልኳት። «አባባ፣ በቃ።» «አሥር ብቻ» አልኩ። አላለቀሰችም። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችኝ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ስልሳ ስድስት ዓመት አውቀዋለሁ። ክሩን ለመፍታት እንኳ አልቆየሁም፤ በመቀስ ቆረጥኩት።

በማግስቱ እናቷ ሽፍት ከገባች በኋላ ቢታንያ ሽንት ቤት ገብታ ቆለፈች። «አልሄድም። ማርሻ በቃ ካልሽ ይወልቃል ብላ ነበር። አንተ ውሸታም አደረግካት» አለችኝ ከውስጥ። ብለምናት፣ ብቆጣት አልከፈተችም። ሰዓቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ከጎደለ ሁሉም ነገር አለቀ። እናቷ ዓመት የጠበቀችው በእኔ እልህ ሊበላሽ ነው። የበደለ ሰው የሚላት አንድ አጭር ቃል እንዳለች አውቃለሁ፤ እሷን ቃል ከአፌ ማውጣት እንዴት እንደሚያቅተኝ ደግሞ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ቆሜ ቆሜ፣ ያንኑ ጓንት አንስቼ በገዛ ቀኝ እጄ ላይ አጠለቅኩት። የቀረውን ክር በበሩ ሥር አሳለፍኩላትና «ነይ እሰሪኝ። አንቺ ሳትፈቅጂ አላወልቀውም» አልኳት።

ትንሽ ቆይታ በሩን ከፈተች። እጄን አየች፣ ክሩን አየች። «በአንድ እጅ ማሰር አልችልም እኮ» አለችኝ። «እኔም አልቻልኩም» አልኳት። አሰበችና «ክር አያስፈልግም። ብቻ እንዳታወልቅ» አለች። ቁርሷን በግራ እጄ አቀረብኩ፤ ወተቱ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

እንግዲህ የፍልሰታ ሰሞን ነው፣ ሙቀቱ ሌላ። እኔ ጥቁር የሱፍ ጓንት በአንድ እጄ አጥልቄ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የመንገድ ካርዴ በቀኝ ኪሴ ነው፤ በግራዬ ዞሬ ስቆፍር ከኋላዬ ያለው ሰልፍ ሁሉ ቆሞ ጠበቀኝ። ሹፌሩ «ቀስ ብለው፣ አባት» አለኝ እንጂ አልተቆጣም። ከፊታችን የተቀመጡ አሮጊት እንግሊዛዊት እጄን እሳት አቃጥሎኝ እንደሆነ ጠየቁኝ። ቢታንያ ቀድማ «እየተቀጣ ነው» አለቻቸው። የጫማዬ ክር ተፈታ፤ እየጎተትኩት ሄድኩ። አፍንጫ መናፈጥ ይህን ያህል ሥራ መሆኑን የት አውቄ። ልጅቷ ይህን ሁሉ በየቀኑ፣ ስምንት ዓመት። አንቺ ደግሞ ሰባ ሦስት።

ሰቨን ሲስተርስ ስንወርድ «በቃ ማለት ትችላለህ» አለችኝ። «አልደከመኝም» አልኩ። ባቡሩ ውስጥ እንደገና «አባባ፣ በቃ ማለት ይቻላል» አለችኝ። «አልደከመኝም።» ኩራቴ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ቆምኩ። እጄ በላብ ርሷል። «በቃ» አልኳት። ድምፄ የራሴ አልመስል አለኝ፤ የሕፃን ድምፅ ነበር የወጣው።

አፍታም አላስቆየችኝ። በግራዋ ክንዴን ያዘችና ያቺ የተጨበጠች ቀኝ እጇ የጓንቱን ጫፍ በአውራ ጣቷና በመዳፏ መካከል ቆንጥጣ ጎተተች። አመለጣት። ደግማ ያዘችው። ወለቀ። ያዘዛት ሰው የለም፣ ጨዋታም አልነበረም። ሰዓቱ አልፎብናል ብላ እየጎተተችኝ ገባን።

አሥሩንም ቀን ጨረስን። ተአምር ሆነ ብዬ አልጽፍልሽም፤ ማርሻም አስቀድማ ተአምር እንዳንጠብቅ ነግራናለች። መጀመሪያ ቀን በአንድ ደቂቃ ከሳጥን ወደ ሳጥን ያሻገረችው የእንጨት ኩብ ዘጠኝ ነበር፤ በመጨረሻው ቀን አሥራ አራት ሆነ። የጃኬቷን ዚፕ ታችኛውን ጫፍ በቀኟ ይዛ በግራዋ ትስበዋለች። ስትደክም እጇ አሁንም ይጨበጣል፣ ካላሠራነውም ተመልሶ ይተኛል። ኤሌክትሪኩ በርቶላት ይሁን ጠፍቶባት አናውቅም፤ የሚነግሩን ጥናቱ ሲያልቅ ነው። እኔ ለማመስገን እስከዚያ አልቆይም። ያችን ሴትዮ ወልዳ ያሳደገቻትን እናት እግዚአብሔር ይባርካት። ያ ሹፌር ይባረክ። ያቺ ወንበር ያመጣችልኝ ነርስ፣ ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም፣ እሷም ትባረክ። ዕፀገነት በመጨረሻው ቀን ከሥራ ስትገባ ቢታንያ ዚፑን ዘጋች፣ ከፈተች፣ ዘጋች። ልጄ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና «አባዬ፣ አመሰግንሃለሁ» አለችኝ። ስለ ጓንቱ አልነገርኳትም። ቢታንያም አልነገረችብኝም።

ያለፈው እሑድ ብርቱካን ይዤ ወደ ቢታንያ ዞርኩ። እንደ ልማዷ አስቀምጠው ትለኛለች ብዬ ጠረጴዛውን አየሁ። ሁለት እጆቿን አስጠግታ ተቀበለችኝ። ቀኟ ከሥር ነበር። ከዛሬ ጀምሮ በግራሽም ብትቀበይኝ እሰጥሻለሁ አልኳት። «አውቃለሁ» አለችኝና ሄደች።

እህቴ፣ አሁን እጄ እየደከመ ነው፣ ግን ይህን ሳልጽፍ ብልክ ደብዳቤው ባዶ ነው። ደህናው እጅ ሲከለከል ሰነፉ ይነቃል ብለው ያኔ በአገራችን የነገሩን ሰዎች ልክ ነበሩ። ሐኪሞቹም የሚሉት ያንኑ ነው። ግን ጠፍር ጓንት አይደለም። የታላቃችን ሠርግ ሳምንት ሲቀረው፣ በእንግዳ ፊት በግራዋ ትቀበላለች ብዬ አፍሬብሽ፣ እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት፣ አንቺ የሰባት ሆነን፣ ግራ እጅሽን በጠፍር አስሬ ጓዳ ተውኩሽ። ከጓዳው ውስጥ በቃኝ ስትዪ ከበሩ ውጭ ነበርኩ። ገበያ ስለወረድኩ አልሰማም መስሎሽ ኖረሽ እንደሆነ፣ ሰምቼ ነው የወረድኩት። ማታ እናታችን «አንጓዋ ምን ሆኖ ነው ያበጠው?» ስትል ወደቀች ያልኩ እኔ ነኝ። አንቺ ቀና ብለሽ አየሽኝና «አዎ፣ ወደቅሁ» አልሻት። እስከ ዛሬም ወድቀሻል።

በደግፌ እጅ ጓንት ልኬልሻለሁ፣ የሱፍ ነው፣ ለብርዱ። ሁለት ጥንድ ገዝቼ የግራውን ከሰፊው ጥንድ ወሰድኩት፣ አንጓሽን እንዳያጠብቅሽ። ባለ ሱቁ ለምን እንደማበዛ አልገባውም።

ይህን ስጽፍ ቢታንያ አጠገቤ ናት። ወረቀቱ እንዳይንሸራተትብኝ በቀኝ እጇ ተጭና ይዛልኛለች፤ ማርሻ የሰጠቻት የቤት ሥራ ነው። አማርኛ ማንበብ ስለማትችል አልፈራሁም። ከታች በእርሳስ የተሣለችው ትንሽ እጅ የእሷ ቀኝ እጅ ናት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግታ በግራዋ ዙሪያዋን አሠመረች፣ ሩብ ሰዓት ፈጀባት። እንደ እሷ ያለ እጅ ያላት እህት አለችኝ ብያት፣ የእሷም እጅ ተሥሎ ይምጣልን ትላለች። ከጎኑ ባዶ ቦታ ትተናል። ቀኙን ብትሥዪ፣ ግራውን ብትሥዪ፣ እንደ ፈቀድሽ። አይሆንም ካልሽም በዚያው ቦታ ላይ በቃ ብለሽ ጻፊልኝ። አሁን እሰማለሁ።

አዲሱ ዓመት የጤና ያድርግልሽ። ጉሙ ሲገፈፍ ፀሐዩ ከደጃፍሽ አይጥፋ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፤ እጆችሽን ግን፣ ሁለቱንም፣ ከዚህ ሆኜ እኔ ስሜያቸዋለሁ።

ወንድምሽ
ኤድመንተን፣ ለንደን